ቁጥር ሰላሳ ሁለት፣ መርፌ ክፍል

ቢቸና ላይ ፊቴን የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ድምፄን ግን ያልሰማ የለም። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ የሚጠራው የኔ ድምፅ ነው። "ቁጥር አምስት፣ ሐኪም ክፍል።" በቃ እንደዚህ፣ ረጋ ብሎ፣ ዜና አንባቢ መስሎ። የቀዳችኝ እህቴ ሀኒያ ናት። ማሚቶ እንዳይገባበት ብላ ከስልኳ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተችኝ፣ እኔ በላብና በሳቅ ልሞት፣ እሷ ደግሞ ከውጭ ሆና "ሲሃም፣ ወላሂ አሁን ከሳቅሽ ሌላ ልጅ ነው የማስቀዳው" ትላለች። ሳቄን ዋጥኩት። ከዛ መጀመሪያ የተሰማ ቀን ተራ መጠበቂያው ውስጥ ተደብቄ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣራ ጣራውን ሲያይ፣ አንዷ ሴትዮ "የማን ልጅ ናት እቴ፣ አፏ ማር ነው" ስትል፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ማታ ራቴን እንኳ አልበላሁም፣ ደስታው ሆዴን ሞልቶት።

አሁን ያንን ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኛ የሞጣ ልጆች ነን። አባቴ ሰይድ ገበያው ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ሀኒያ ባህር ዳር ማኔጅመንት ተምራ ስትመለስ ዶክተር ገብረ ኪዳን ቀጠሯት። ሞጣ ላይ ክሊኒክ ያላቸው ሰውዬ ናቸው፣ የቢቸናውን ደግሞ በቅርቡ ነው የገዙት። ሞጣ ላይ አዲስ አሰራር አስገብተው "አንድም ስህተት አልታየም" ተባለ፣ ከዛ ሀኒያን ጠርተው "አሁን ቢቸና ሄደሽ ትተክዪልኛለሽ" አሏት። ቢቸና ከተሳካላት ደጀንና አማኑኤል የሚከፈቱት ክሊኒኮችም በሷ እጅ ይሆናሉ። ካልተሳካላት የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ በሰላም ወደ አባትሽ ሱቅ ነው። አባቴ "ሴት ልጅ ሰው አገር ብቻዋን አትቀመጥም" አለ፣ ትምህርት ተዘግቶ ነበር፣ እኔ አብሬ ተጫንኩ። እኔ ደግሞ መሄድ ከተባለ ሞቴ ነው፣ ሻንጣዬን ከሷ በፊት ነው ያሰርኩት።

የተከራየነው አባባ ኃይለ ጊዮርጊስ ግቢ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አባይ በረሃን ሲወርዱ ሲወጡ የኖሩ፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር በመኪና ነው የሚያወሩት። ግቢው ውስጥ ስሮጥ ካዩኝ "አንቺ የሞጣዋ፣ በማርሽ ውረጂ" ይሉኛል። ሀኒያ ከስራ ደክሟት ስትገባ "ጎማዋ ተንፍሷል፣ አታናግሪያት።" በረመዳን የምንጾመውን በሳቸው ጾም እየመዘኑ "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እናንተ እስከ ማታ፣ ፈጣሪ ለማን እንደሚያደላ እናያለን" ብለው ይቀልዳሉ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ከገባን በኋላ ሬዲዮ መክፈት ተዉ፣ "አንቺ እያለሽ ምን ያደርግልኛል" ብለው። ወደድኳቸው በቃ።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሀኒያ ስለ ክሊኒኩ ስታወራ አባባ እግራቸው ላይ ያለ ጠባሳ አሳዩን።

"በጉብዝናዬ ደጀን ላይ ቆርቆሮ ቆረጠኝ። ፔኒሲሊን ወጉኛ። ወዲያው ፊቴ እንደ ጎማ ተነፋ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ወደቅኩ። ረዳቴ ሞተ ብሎ እናቴን አረዳ። እኔ ነቅቼ ቤቴ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል። የራሴን ንፍሮ በላሁ።"

"የራስዎን የለቅሶ ንፍሮ?" አልኩ በሳቅ ፈርሼ።

"ጨው አልነበረውም።"

ሀኒያም ሳቀች፣ ከዛ ኮስተር ብላ "አባባ፣ ይሄን ለሐኪም ይናገራሉ አይደል?" አለቻቸው።

"ሲስተር ባንቺዓለም ታውቃለች። በሩ ላይ ገና ስታየኝ 'የፔኒሲሊን ጠላት መጡ' ነው የምትለኝ።"

ሲስተር ባንቺዓለም የክሊኒኩ መርፌ ወጊ ናት። በድሮው አሰራር በሩ ላይ ቆማ በስምና በአባት ስም ነበር የምትጠራው፣ ከዛ ደግሞ ወሬው። "እናትሽ ተሻላት? ያ የጠፋው በሬ ተገኘ? አንተ ክንድህን ስጠኝ እንጂ ምን ትስቃለህ?" አንድ ሰው ወግታ እስክትጨርስ ሌላው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሳይ በጣም ነበር የሰለቸኝ።

የሀኒያ አሰራር ሲገባ ግን ግድግዳው ተቀባ፣ ስክሪን ተሰቀለ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ካርዶች መጡ፣ ካርዶቹ እንዴት እንደሚያምሩ። በር ላይ ስትገባ ምን እንደሆንክ ትናገራለህ፣ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጥሃል፣ ከዛ በኋላ ስምህን የሚጠራ የለም። ሀኒያ ለሰራተኞቹ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ፣ "ሰው በሽታው በጎረቤቱ ፊት አይወራም፣ ስለዚህ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ" ስትል ኩራቴ። ክፍሎቹ ውስጥም ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥሩንና የታዘዘውን ነገር ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። በየበሩ አናት ላይ ሰዓት አለ፣ ሰው ሲገባ አረንጓዴ፣ ሊያልቅ ሲል ቀይ። ትርፍ ወሬ ክልክል።

ሰዉ ወደደው። አንዱ ወጣት "አዲስ አበባ ሆንን እኮ" ሲል ሰምቻለሁ። ሀኒያ ማታ ማታ ለዶክተር ስትደውል ድምጿ ይዘፍናል።

ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር ሽማግሌ ቆሞ አንተ ተራ ይዘህ ልትቀመጥ አትችልም፣ ነውር ነው። ወንበር ስትለቅ ደግሞ ተራህንም ነው የምትለቀው። ድሮ ተራ መልቀቅ ማለት ከኋላቸው መግባት ነበር። አሁን ተራው ካርዱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ካርዱን መስጠት ጀመሩ።

"በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ።"

"አይሆንም ልጄ፣ አንተም ታመህ ነው።"

"ሞቼ እገኛለሁ።"

ከዛ ይለዋወጣሉ፣ ይመራረቃሉ። እኔ በጣም ስለወደድኩት ቪዲዮ ቀርጬ ዘፈን አስገባሁበት። ሀኒያ አይታ ሳቀች፣ "ለዶክተር እልክላቸዋለሁ" አለች፣ ላከችም። አውራ ጣት መለሱላት።

ከዛ ወይዘሮ አየሁሽ የሚባሉ ሴትዮ ለጥርሳቸው መጥተው ጆሯቸው ታጥቦ ወጡ። ወላሂ። የአንዱን ልጅ ካርድ ይዘው ነው የገቡት። ሴትዮዋ ደግሞ አልተቆጡም፣ "ጥርሱ በጆሮ በኩል ነው መሰለኝ የሚታከመው" ብለው መርቀው ሄዱ። ሰራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሲስተር ባንቺዓለም እንባዋ መጣ። ሀኒያም ስትስቅ ነበር፣ ከዛ መሀል ላይ ሳቋ ቆመ። ወደ ካርዶቹ አየች። 

ለዶክተር ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምፃቸው ከስልኩ ይሰማል፣ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። "ሀኒያዬ፣ አዲስ ጫማ መጀመሪያ ይነክሳል። ሰው እስኪለምድ ነው። ሞጣ ላይ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም።"

"ከሞጣ ካልተሰማ የኔ ድክመት ነው" አለችኝ ስልኩን ዘግታ።  ያን ማታ እኔ ዘፈኔን ከፍቼ ስጨፍር "ቀንሺው" አለችኝ፣ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰራተኞቹ በየተራ ሞጣ ለስልጠና ይሄዱ ጀመር። የሲስተር ባንቺዓለም ተራ ደረሰ። በሷ ቦታ ከሞጣ አስናቀው የሚባል ነርስ መጣ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ፈጣን፣ ቢቸና ላይ አንድም ሰው የማያውቅ።

እሱ በገባ ቀን ገበያ ነበር። መጠበቂያው ጢም ብሏል፣ ወንበር የለም። እኔ ከጸደንያ ጋር ጥግ ላይ አንድ ወንበር ተካፍለን ተቀምጠናል። ጸደንያ ቢቸና ያገኘኋት ጓደኛዬ ናት፣ የልብ ህመም አለባት፣ በየወሩ እየመጣች አንድ መርፌ ትወጋለች። የሷ ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ሐኪም ጋ ሳትገባ ቀጥታ መርፌ ክፍል ነው የምትጠራው። የለመደች ስለሆነች ቆዳዋ ላይ መሞከርም የለም፣ ገብታ መውጣት ብቻ። ካርዷ ሰላሳ ሁለት ነበር። ስልኬ ላይ የሆነ ነገር እያየን እንሳሳቃለን።

አባባ ጋቢያቸውን ደርበው እያሳሉ ገቡ።

"የሞጣዋ፣ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ይሄ ሳል ቁልቁለት ጀምሯል።"

ጸደንያ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። አባባ "ተቀመጡ ተቀመጡ" አሉ፣ ማን ይሰማቸዋል። ካርዳቸውን አየች፣ ሃምሳ አንድ። "ውይ አባባ፣ ይሄ እኮ ከሰዓት ነው የሚደርሰው። የኔን ይያዙ።"

"አንቺም ታመሽ እኮ ነው ልጄ።"

"ሞቼ እገኛለሁ።"

"እሺ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ከኔ ቀንሶም ቢሆን ይስጥሽ።"

እኔ ፈገግ ብዬ አያቸዋለሁ። ጸደንያን ልስማት ሁሉ ነበር።

ጣራው ላይ የኔ ድምፅ መጣ። "ቁጥር ሰላሳ ሁለት፣ መርፌ ክፍል።"

አባባ ብድግ ሲሉ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና "ጠራሽኝ" አሉ እየሳቁ። ገቡ። በሩ ተዘጋ። አረንጓዴው በራ።

ጸደንያን በክርኔ ነካኋትና "ዛሬ አመለጥሽ" አልኳት።

"ምኑን?"

"መርፌውን ነዋ።"

ለቀልድ ነው ያልኩት። ግን አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ጸደንያም አየችኝ።

"ሲሃም፣ እሳቸው ለሳል እኮ ነው የመጡት።"

"ያንቺ መርፌ ምንድነው?"

"ፔኒሲሊን።"

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ጓዴ ክንዴን ያዙኝ። "ወዴት ነው? ሰው አለበት፣ አይገባም።"

"ጋሽ ጓዴ ይልቀቁኝ፣ አባባን ሊገድሏቸው ነው።"

"ትዕዛዙ የእህትሽ ነው እኮ ልጄ፣ ሰው እያለ በር አይከፈትም። አንቺን ካስገባሁ ሌላውን በምን እመልሰዋለሁ?"

ጮህኩ። መጠበቂያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ "ምን ነካት እቺን ልጅ፣ በሕሙማን መሀል" አለች። ጸደንያ ወደ ሀኒያ ቢሮ ሮጠች። ሰዓቱ ቀይ ሆነ። ከዛ ጣራው ላይ ራሴን ሰማሁት፣ በዛ በሚያምረው፣ በማይቸኩለው ድምፄ። "ቁጥር ሰላሳ ሦስት፣ መርፌ ክፍል።"

በሩ ተከፈተ። አባባ ቀበቷቸውን እያሰሩ ወጡ፣ ለተሰለፈው ሰው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው "አቆየኋችሁ" አሉ። እኔን አዩኝ። "ምነው የሞጣዋ? እጁ ቀላል ነው ልጁ፣ አልተሰማኝም።"

"አባባ፣ ምን ወጉዎት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለሳሉ ነዋ።" ይሄን እያሉ አንገታቸውን አከኩ። እንደገና አከኩ። "ሞቀ" አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከንፈራቸው ዳር ዳር ላይ ማበጥ ጀመረ።

ሀኒያ እየሮጠች ስትደርስ ወለሉ ላይ ነበሩ። ትንፋሻቸው የሆነ የሚያፏጭ ነገር ሆኖ ነበር። አስናቀው ሮጦ አድሬናሊን ወጋቸው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሰላሳ ሁለት ፔኒሲሊን ነው የሚለው። የገባው ሰላሳ ሁለት ነው። ካርዱን አየሁት እኮ።"

ድምፄን ያጠፋው ሰው የለም። እኛ ወለሉ ላይ አባባን ይዘን እያለ ቁጥር ሰላሳ አራት አለ፣ ሰላሳ አምስት አለ። አንዱ ሰውዬ ቁጥሩ ሲጠራ ተነሳ፣ ካርዱን አየ፣ አባባን አየ። ከዛ በእግራቸው በኩል ዞሮ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም። ተጠርቶ ነው።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ጋሽ ጓዴ ራሳቸው ነበሩ እግራቸውን የያዙት፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀሱ።

አልሞቱም። ዓይናቸው ተከድኖ፣ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኖ ቆዩ፣ በነጋታው ግን ሀኒያና እኔ ስንገባ አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው "ንፍሮ አስቀቀላችሁ?" አሉን። ሀኒያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አልጋው ላይ ተደፋሁ።

"አባባ፣ ሐኪም ሳያይዎት መርፌ ሲሉዎት ለምን አልጠየቁም?"

"አዲሱ አሰራር ላይ ሐኪም ቀርቷል ብዬ ነዋ።" እረፍት ወሰዱ። "ልጠይቅም ነበር። ፔኒሲሊን እንዳይሆን ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺ መብራት ቀላች። ሰው ከኋላዬ ቆሞ እኔ የወጣትነቴን ወግ ልጀምር? አፈርኩ።"

ትራሱን አስተካከልኩላቸው።

"ደግሞ የጠራሽኝ አንቺ ነሽ" አሉ፣ እጄን ፈልገው ያዙት። "አንቺ ጠርተሽኝ ምን ክፉ ነገር ያገኘኛል ብዬ ነው የገባሁት።"

ይሄን ለማጽናናት ነው ያሉኝ። አያችሁ።

ጸደንያ ደግሞ መርፌዋን ልትወጋ ስትሄድ መለሷት። ስክሪኑ ላይ ለዚህ ወር ተወግታለች ይላል። "ክንዴን ላሳያችሁ፣ ዳሌዬን ላሳያችሁ" ብትል ሲስተሙ አይከፍትም። ሀኒያ ራሷ ገብታ ልታስተካክል ሞከረች፣ የሚስተካከለው ሞጣ ላይ ሆነው ብቻ ነው። ጸደንያ ደረቷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ምንም አላመማትም፣ ፈርታ ነው። እና ሀኒያ የሳምንቱን ውጤት ስታየው አባባ የሉበትም። የትም የሉም። ሁሉም ሰው ከሦስት ደቂቃ በታች ተስተናግዷል፣ ስህተት የለም። እንደ ሞጣ።

ያን ጊዜ ነው ፊቷ የጠቆረው። "ሲሃም፣ ሞጣም ላይ እኮ ስህተት የለም ነው የተባለው" አለችኝ።  ሚኒባስ ተሳፍረን ሞጣ ወረድን፣ ቤት እንኳ ሳንገባ፣ ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ።

ዶክተር ገብረ ኪዳን ፎቅ ላይ ነው ቢሯቸው። ብድግ ብለው ተቀበሉን፣ ሻይ አስመጡ፣ እኔን "የድምፃችን እመቤት" አሉኝ። ሀኒያ ሁሉን ነገረቻቸው። ከልባቸው አዘኑ፣ አላስመሰሉም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እግዜር ይማራቸው። ግን ሀኒያዬ፣ ሲስተሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ካርድ የተለዋወጡት ሰዎች ናቸው። 'ካርድ መለዋወጥ ክልክል ነው' የሚል ትልቅ ጽሑፍ እንለጥፋለን።"

"ዶክተር፣ ሽማግሌ ቆሞ እያዩ አይቀመጡም። ጽሑፍ አይዛቸውም። ስም ይጠራ። ቁጥሩም ይኑር፣ ገብተው ግን ስማቸው ይጠየቅ፣ ምን እንደሚያማቸው ይጠየቅ።"

"ከዛማ ወደ ድሮው ተመለስን።"

"እንመለስ። የሞጣውንም እንፈትሽ፣ ሰው በሌላ ሰው ካርድ..."

"ደጀን በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል" አሉ፣ በዛው ለስላሳ ድምፅ። "ያንቺ ነው ብዬ ነበር።"

ሀኒያ የቢቸናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቁልፉ መስታወቱ ላይ ድምፅ አወጣ። ዶክተር አልተቆጡም። "አስቢበት" አሉ ብቻ።

እኔ አልችልም፣ አፌ አይያዝልኝም። "ድምፄን አጥፉልኝ" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "እዚህም ደጀንም ገብቷል እኮ የኔ ልጅ። እስከ መቶ ብቻ ነበር የቀዳሽው፣ አይበቃንም ብዬ ስጨነቅ የኮምፒውተር ልጆቻችን ያንቺኑ ድምፅ አስመስለው አስቀጠሉት። ካንቺ አይለይም። ከእንግዲህ አንቺ መድከም የለብሽም።"

ደረጃውን ስንወርድ ሀኒያ ፊት ፊት ትሄዳለች። ታች መጠበቂያው ሞልቷል። ያው ሰማያዊ ካርድ፣ ያው ስክሪን። አንድ ጎረምሳ ወንበሩን ለቆ ለአንዲት አሮጊት ካርድ ሲሰጥ አየሁ። "እማማ፣ በሞቴ" ሲላቸው። እሳቸው ሲመርቁት።

ከጣራው ላይ መጣ። "ቁጥር መቶ አስራ ስምንት፣ መርፌ ክፍል።"

እኔ ይሄን ቁጥር ብዬው አላውቅም። ግን እኔ ነኝ። እንደውም ከኔ የተሻልኩ እኔ ነኝ፣ ትንፋሽ እንኳ የማትወስድ።

አሮጊቷ ተነሱ። ሮጬ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩት። "እማማ፣ ካርዱ የርስዎ ነው? ስምዎ ማነው? ምንዎን ነው የሚያምዎት?"

ዞረው አዩኝ። ደግ ፊት ነው ያላቸው። ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው ሰሙኝ፣ ከዛ ፈገግ አሉ።

"ድምፅሽን አወቅኩት" አሉኝ። "አሁን የጠራሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?"

ነጠላቸውን ከእጄ ቀስ አድርገው አስለቀቁና፣ ሰው እንዳያቆዩ ፈጠን ፈጠን እያሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ። አናቱ ላይ አረንጓዴው በራ።